የማናውቃት ልጅ

ሮማነወርቅ መቀመጥ ካቃታት ሰንብታለች። ከሥራ ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ የታጠበውን ሳህን እንደገና ታጥባለች። ሶፋው ላይ አረፍ ትልና ወዲያው ተነስታ በመስኮት ታያለች፤ መስኮቱ ደግሞ ከሴንት ፖሉ የፍሮግታውን ሰፈር ጎዳናና ከቆመው መኪናዋ በቀር የሚያሳያት ነገር የለም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የምትንከባከባቸው አሮጊቶች እንኳ «ምን ነካሽ?» ማለት ጀምረዋል። የነካት ነገር አንድ ነው፤ ልጇ ፖሊስ ልትሆን ነው።

ፋና ወሬውን ያመጣችው ኤደን ፕሬሪ ካለው መጋዘን፣ ከሥራዋ ተመልሳ በር ላይ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። የካውንቲው ፖሊስ ለኔቲቮች፣ ለአገሩ ነባር ተወላጆች ልጆች፣ የከፈተው ፕሮግራም አለ። እየሠሩ ይማራሉ፤ ሲጨርሱ የፖሊስ ባጅ ይሰጣቸዋል። ፋና በእናቷ ሐበሻ ብትሆንም በአባቷ በሌሮይ በኩል ከነባሮቹ ነገዶች የአንዱ፣ የኦጂብዌ ልጅ ናት። ፈተናውን አልፋለች፤ ሩጫውንም አልፋለች። የቀራት ባክግራውንድ ቼክ የሚሉት ብቻ ነው። መርማሪ ይመጣና የት ኖረች፣ የት ሠራች፣ ምን ዓይነት ልጅ ናት እያለ የሚያውቋትን ሰዎች ይጠይቃል።

«ስንት ሥራ ባለበት አገር፣ ፖሊስ?» አለች ሮማነወርቅ።

«ዳዲን አስቢው፣» ብላ ፋና በእንግሊዝኛ መለሰች። እናት በአማርኛ ትናገራለች፣ ልጅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ በዚያ ቤት ወጉ እንዲህ ነው። ሲጣሉም አይለወጥም።

ዳዲን ማሰብ ለሮማነወርቅ አዲስ ነገር አልነበረም። ሌሮይ ስኳር በሽታ ነበረበት። አንድ የክረምት ቀን ስኳሩ ወርዶበት፣ መኪናውን ዳር አስይዞ ወጥቶ ሲንገዳገድ ፖሊሶች ደረሱበት። የሰከረ ኔቲቭ ነው ብለው በረዶው ላይ በደረቱ አስተኙት። ኋላ የመጣ ሌላ ፖሊስ፣ እሱም የኦጂብዌ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን አሸተተ፤ ከዚያ ከራሱ መኪና ጭማቂ አምጥቶ አጠጣውና ሌሮይ ነፍሱን አወቀ። ፋና ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ሁሉንም ከኋላ ወንበር ላይ ሆና አይታለች። ሌሮይ ከዚያም ብዙ ዓመት ኖሮ፣ በኋላ በኩላሊት ነው የሞተው። ልጅቱ ግን ከዚያ ቀን ይዛ የቀረችው ጭማቂ ያጠጣውን አንዱን ሰው ነው። ሮማነወርቅ የያዘችው ያስተኙትን ነው።

ከዚያ በፊት የያዘችው ሌላም ነገር ነበራት። ልጅ ሳለች፣ አዲስ አበባ ጉለሌ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ጨዋ መሳይ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ «ደረሰ አለ?» ብሎ ጠየቀ። ደረሰ ታላቅ ወንድሟ ነው። እናቷ እንግዳ አክባሪ ነበሩና «አለ፣ ይግቡ፤ ልጥራው» አሉ። ደረሰ በነጠላ ጫማ ወጣ። «ለአንድ አፍታ ነው፤ ይመለሳል» አለ ሰውየው። አልተመለሰም። እናቷን እስከ ዕለተ ሞታቸው ያንገበገባቸው የልጃቸው መወሰድ ብቻ አልነበረም፤ በገዛ አፋቸው መጥራታቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር ስለ ልጅ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መልሱ አንድ ሆነ፤ አላውቅም።

ስለዚህ ፋና «መርማሪ እንደሚመጣ ለኣቦይና ለኣረጋሽ ንገሪያቸው፤ ስማቸውን ሰጥቻለሁ» ስትላት ሮማነወርቅ እሺ አለች። አልነገረቻቸውም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያለች ከረመች። እውነቱን ለመናገር አፍራ ነው። የፖሊስ እናት ልሆን ነው ብላ አፏን ሞልታ እንዴት ትናገር?

ፋና በትግርኛ ኣቦይ፣ አባቴ፣ የምትላቸው ከታች ያለው ቤት የሚኖሩትን ጋሽ ዘርእማርያምን ነው። አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ሚስታቸውን ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ ሽማግሌ ናቸው። ሮማነወርቅ ሥራ ስትሆን ፋናን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት እሳቸው ነበሩ። መኪና መንዳትም ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ፋና እስከ ዛሬ እንደ ታክሲ ነጂ ክላክስ የምታበዛው በእሳቸው ጦስ ነው። ኣረጋሽ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ የሐበሻ ሱቅ ያላት ወዳጃቸው ናት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሮማነወርቅ ከሥራ ስትገባ ጋሽ ዘርእማርያም ደረጃው ሥር ቆመው አገኘቻቸው። ፊታቸው በርቷል።

«ሮማን፣ ነይ እስቲ። ዛሬ አንድ ሰው መጥቶ ነበር።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ጠጉሩን ወደ ኋላ ያሰረ ግዙፍ ሰውዬ። ተራ ጃኬት ነው የለበሰ፤ እኔ ግን ጫማውን አየሁበት። የመንግሥት ሰው ጫማ ነው። ‹ፋናን ታውቃታለህ?› አለኝ።»

ሮማነወርቅ የመኪናዋን ቁልፍ ጨበጠች። «እርስዎስ ምን አሉት?»

«ሽምጥጥ አድርጌ ካድኩት። እንዲህ የምትባል ልጅ አላውቅም አልኩት። ‹ከላይ ማን ይኖራል?› አለኝ። ባዶ ነው፣ ሬንት የሚያደርገው ጠፍቶ ተዘግቷል አልኩት።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከዚያ እሷም ጋ መሄዱ አይቀርም ብዬ ቶሎ ለኣረጋሽ ደወልኩላት። እውነትም ዩኒቨርሲቲ አቬኑ፣ ሱቋ ድረስ ሄደ። እሷም ዓይኗን በጨው ታጥባ፣ እንዲህ ያለች ልጅ ሱቄን ረግጣው አታውቅም አለችው። አይዞሽ ጓለይ፣ ልጄ፤ እኛ እያለን ልጅሽን ማንም አይነካትም።»

ፋና ሃይስኩል ሳለች በየሰመሩ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ በርበሬና ምስር ስትመዝን የኖረችው ኣረጋሽ ሱቅ ውስጥ ነበር።

ጋሽ ዘርእማርያም ምስጋናቸውን ጠበቁ። ሮማነወርቅ መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ቀጥሎ ነገሩ ገባት። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ደስ አላት። እሷ አንዲት ቃል አልተናገረች፤ የልጇን መንገድ አልዘጋች። ሌሎች ዘጉላት። ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ይቀራል፤ ፋናም ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችና ደረጃውን ወጣች። ገብታም ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ግን መቀመጡ አልበረከተላትም፤ ብዙም ሳትቆይ ተነስታ ምድጃውን መፈተግ ያዘች።

ፋና በማግስቱ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን አላወለቀችም። ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ቆማ ቀረች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻል ነበር። መርማሪው ደውሎላታል። ስማቸውን የሰጠቻቸው ሰዎች አናውቃትም ብለውታል፤ የምኖርበት ነው ያለችው ቤት ባዶ ነው ተብሏል። ቶሎ ካልተስተካከለ ዋሽታለች ተብላ ትሰረዛለች። የዋሸን ሰው ፕሮግራሙ አይወስድም።

«ዶና አኩርፋኛለች፣» አለች ፋና። ዶና የሌሮይ እህት ናት፤ ሚኒያፖሊስ፣ ኔቲቮች በሚበዙበት በፍራንክሊን አቬኑ አካባቢ ኖራ ያረጀች፣ የፖሊስ መኪና ሲያልፍ ፊቷን የምታዞር ሴት። «‹እነሱ ጋ ሄድሽ› አለችኝ። እሱን ችዬው ነበር። እናንተ አላችሁልኝ ብዬ ነበር።» ይህን ሁሉ ያለችው በእንግሊዝኛ ነው። የቀረውን ግን፣ ምን እንደታያት እንጃ፣ በዚያች ስብርብር ባለች አማርኛዋ ተናገረችው። «ማሚ፣ ኣቦይ አያውቀኝም አለ።»

«እንደዚያ ለማለት ፈልገው አይደለም፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምንድን ነው? ግማሽ ስለሆንኩ ነው? የእናንተ ስላልሆንኩ ነው?»

ሮማነወርቅ ልጇ ሥራ አጣች ብላ ነበር ደስ ያላት፤ ልጇ ግን ያጣችው ሰው ነው። ፋና ትንሽ ሳለች ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ «ይህቺ የማን ናት?» እያሉ አገጯን ቀና አድርገው የሚያዩዋት ሴቶች ነበሩ። ያኔ ጋሽ ዘርእማርያም «የኔ ናት፣ ምን ነበር?» ይሉላት ነበር። ልጅቱ እሳቸውን ይዛ ነው ያደገችው፤ አሁን እሳቸው ካዷት። ሮማነወርቅ ዝም ብትል ፖሊስ የማትሆን ልጅ ይኖራታል፤ እድሜ ልኳን የማንም አይደለሁም እያለች የምትኖር ልጅ።

«ደውይለት፣» አለች። «ቅዳሜ ይምጣ። እዚሁ ቤታችን ይምጣ።» ይህን ያለችው እሷ መሆኗን ራሷም አላመነችም።

ወዲያው ወደ ታች ወርዳ ለጋሽ ዘርእማርያም ሁሉንም ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ፊታቸው ጠቆረ።

«ፋና ናት ፖሊስ የምትሆነው? ለምን አልነገርሽኝም?»

«አፍሬ ነው፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ ያተረፍኳት መስሎኝ ነው፣» አሉ ሽማግሌው፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «አሁን ለዚያ ሰውዬ ቁጭ ብዬ እውነት ልናገር? ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ላለ ሰው እውነት ተናግሬ አላውቅም። ምላሴ እሺ የሚለኝ አይመስለኝም።»

«ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ብለው ይናገሩ።»

ቅዳሜ ጋሽ ዘርእማርያም ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ሳሎናቸው ውስጥ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተቀመጡ። ኣረጋሽ ሱቋን ዘግታ መጣች። ፋና ተራሽ እስኪደርስ ከላይ ቆዪ ተብላለች። መርማሪው ሚስተር ቦልዩ ይባላል፤ በረዶውን ከጫማው አራግፎ ገባ። ሮማነወርቅ ልታስተረጉም ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ ወንበር ነበር፣ አልተቀመጠችበትም።

«ፋናን ያውቋታል?» ሲል ጠየቀ ሰውየው።

ጋሽ ዘርእማርያም አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት። በዚያ ሁሉ የታክሲ ዘመን የተናገሩት እንግሊዝኛ ብን ብሎ ጠፋባቸው። ክራቫታቸውን ላላ አደረጉና በአማርኛ ጀመሩ።

«አውቃታለሁ በይው። የመጀመሪያ ጥርሷ የወለቀው እዚህ ሶፋ ላይ ነው። ከላይ ነው የምትኖረው፤ ቤቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም።»

«ሱቄም ውስጥ ሠርታለች፣» አለች ኣረጋሽ ፈጠን ብላ። «ቅን ልጅ ናት። ሚዛኑ ላይ ጣቴን ሳሳርፍ እንኳ የምትቆጣኝ እሷ ነበረች።» ሮማነወርቅ ይህንን ስትተረጉም ጣቱን ዘለለችው።

ሚስተር ቦልዩ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ታዲያ ያን ቀን አላውቃትም ያሉኝ ለምንድን ነው?»

«ስለማውቃት ነዋ፣» አሉ ጋሽ ዘርእማርያም፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟቸዋል። «ባላውቃት ኖሮ ያለችበትን አሳይህ ነበር።»

ሮማነወርቅ ይህንን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችለት። ሰውየው እጆቹን አጣምሮ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ሪዘርቬሽን፣ ለእኛ ለኔቲቮች በተከለለው ምድር ላይ ሳለን፣ አያቴ የመንግሥት መኪና በመንገዳችን ስትመጣ ካየች አልጋ ሥር ትከተን ነበር። የኛን ልጆች እየወሰዱ ለማያውቋቸው ሰዎች በማደጎ የሚሰጡበት ዘመን ነው። ‹እዚህ ቤት ልጅ የለም› ትላቸዋለች። እኛ ከአልጋው ሥር ሆነን እንሰማታለን።» ፈገግ አለ። «ፍራንክሊን አቬኑ ስሄድ ዛሬም የሚመልሱልኝ እንደዚሁ ነው። እናንተ ጋ ግን አልጠበቅኩትም።»

ሮማነወርቅ ለሁለቱ ስትተረጉምላቸው ጋሽ ዘርእማርያም ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎበዝ ሴት ነበረች በይው» አሉ።

«አንቺስ?» አላት ሰውየው። «ልጅሽ ይህን ሥራ ብትይዝ ደስ ይልሻል?»

«አይለኝም፣» አለች ሮማነወርቅ። «እፈራለሁ። እሷንም እፈራለሁ፣ ለእሷም እፈራለሁ። ነገር ግን የነገረችዎት ሁሉ እውነት ነው፤ ልጄ አትዋሽም።»

ሚስተር ቦልዩ ተነሳ። «ይህንን እኔው ራሴ አስረዳለሁ። አሁን እሷን ላነጋግራት። አለች?»

የጉለሌው ሰው ጥያቄም ይህ ብቻ ነበር። ጋሽ ዘርእማርያምና ኣረጋሽ ሮማነወርቅን አዩዋት። ሁለቱም አይመልሱላትም፤ መመለስ ያለባት እሷ ናት። አላውቅም ማለት እንዴት ቀላል ነው።

«አለች፣» አለች። «ልጥራት።»

ደረጃው ሥር ሄዳ ቆመች። «ፋና» ብላ ስትጣራ የወጣው ድምፅ የእናቷ ድምፅ መሰላት። ከላይ በር ተከፈተ፤ ፋና በነጠላ ጫማ እየተንሸራተተች ወረደች።

ሮማነወርቅ የደረጃውን መደገፊያ ግጥም አድርጋ ያዘች። «ጫማሽን አድርጊ» አለቻት።

«ማሚ፣ እዚሁ ሳሎን እኮ ነው፣» አለች ፋና በእንግሊዝኛ። «የትም አልሄድም።»

«ጫማሽን አድርጊ አልኩሽ።»

ፋና መልስ ልትሰጥ ብላ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው። ተመልሳ ወጣች። ሮማነወርቅ ወደ ሰውየው ዞረች። ልትለምነው አልነበረም። «ጫማዋን እስክታስር ይጠብቁ፣» አለችው።

«እጠብቃለሁ» አለ።

ሰውየው ደረጃው ሥር እጆቹን አጣምሮ ቆመ። ከላይ ፋና ጫማዋን ስትፈልግ ወለሉ ሲንቋቋ ይሰማል። ደረሰን ጫማውን እስኪያደርግ የጠበቀው ሰው አልነበረም። ሮማነወርቅ ሳሎን ገብታ ከጋሽ ዘርእማርያም አጠገብ ወንበር ሳበችና ተቀመጠች።