ሁለት ጣት ከመሪው ላይ

ዱዌን ሁለት ጣቱን ከመሪው ላይ አንስቶ ለድርቆሹ ሰላምታ ሰጠው።

ድርቆሹ መንገድ ዳር የቀረ ጥቅል ነው። ትልቅ፣ ክብ፣ ከአንዱ ጭነት መኪና ላይ ተንከባሎ የወደቀ። ማርላ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ባሏ እንዲህ አይነት ነገር ይወዳል፤ ለላም ባርኔጣውን ያነሳል፣ ለነፋስ ወፍጮ «እንዴት አደርክ» ይላል። አሁን ግን እሱ አልሳቀም። ትንሽ እንደሄዱ፣

«አየሽው አይደል?» አለ። «ሰላምታ እንኳን አይመልስም። ከከተማ የመጣ መሆን አለበት።»

ማርላ ሳቋን አቁማ ዞር ብላ አየችው።

ከቤት ከወጡ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ፒክአፑ ነጩን ተሳቢ ቤት ከኋላው እየጎተተ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። የበቆሎ ማሳው ካለቀ ቆይቷል፤ አሁን ግራና ቀኝ ሳር ብቻ ነው፣ ነፋስ እያስተኛ የሚያስነሳው ሳር፣ እስከ ሰማዩ ጫፍ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ የነፃነት ቀን ርችት ባለቀ ማግስት፣ በዚህ መንገድ ወደ አንድ ሐይቅ ሄደው አንድ ቦታ ላይ ሰፍረዋል። አስራ አራተኛው ቦታ። ሁለት ዛፎች መሃል።

በዚህ ሁሉ ዓመት ዱዌን ከፊት ለፊቱ የሚመጣ መኪና አምልጦት አያውቅም። ፒክአፕ ይሁን፣ ትራክተር ይሁን፣ የከብት ጭነት ይሁን፣ ሁለት ጣት ከመሪው ላይ ብድግ ይላል። ያልመለሰለት ሰው ካለ እስከ ምሳ ድረስ ሲያማው ይቆያል።

ማርላ ቀና ብላ ተቀመጠች። ዓይኗን መንገዱ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ነጭ ፒክአፕ መጣ። ሹፌሩ ጣቱን አነሳ። የዱዌን እጆች መሪው ላይ እንደተጣበቁ ቀሩ። ማርላ ከተቀመጠችበት ፈጠን ብላ እጇን አነሳችለት። ከዚያ የከብት ጭነት መጣ፤ ዱዌን ጣቱን አነሳ፣ ግን መኪናው ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ አንዲት አሮጊት በትንሽ ሰማያዊ መኪና መጡ፣ መላ መዳፋቸውን እያውለበለቡ። ዱዌን እያፏጨ አለፋቸው።

ስለ ብዙ ነገር አሰበች። ከፋሲካ ወዲህ ባሏ ፊቷን አይቶ አያውቅም። ራት ላይ ሲያወራት ከጆሮዋ አለፍ ያለውን ግድግዳ ነው የሚያየው። ግንቦት ላይ ፀጉሯን እስከ አንገቷ ድረስ ተቆረጠች፤ እሱ «ድንቹን አቀብዪኝ» አላት። አርባ አንድ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ሊሰለች ይችላል ብላ ለራሷ ነግራ፣ ነገሩን ዋጥ አድርጋው ነበር።

መንገዱ አነስተኛ አቀበት ወጣና ወረደ። ከታች መንገድ እየተሠራ ነው። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች ሴት መሃል አስፋልት ላይ ቀዩን የ«ቁም» ምልክት ይዛ ቆማለች። የዱዌን እግር ነዳጁን አልለቀቀም።

«ዱዌን፣ ፍሬን» አለች ማርላ። አልጮኸችም።

«እ?»

«ፍሬን ያዝ። አሁን።»

ያዘ። ተሳቢው ከኋላ ገፋቸው፤ ውስጡ ያሉት ሳህኖች ተንጫጩ። ፒክአፑ ሲቆም ሴትዮዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ማንም አልነበረም። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ ዘላ ገብታለች፤ ምልክቱን ግን አልጣለችውም፣ ከሳሩ በላይ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች።

ወጥታ ወደ መስኮቱ መጣች። ፊቷ በፀሐይ የተላጠ፣ የካርሊንን፣ የልጃቸውን ዕድሜ የምታክል ናት።

«አባት፣ ተኝተው ነው እንዴ የሚነዱት? እዚህ ቆሜ ሳውለበልብ እኮ ነው የመጡብኝ።»

«ፀሐይዋ» አለ ዱዌን። «ይቅርታ። ፀሐይዋ ናት።»

ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። ሴትዮዋ ዞር ብላ ሰማዩን አየች፣ ከዚያ ማርላን አየች። «ሃያ ደቂቃ ትቆያላችሁ። ሞተሩን አጥፉት» ብላ ተመለሰች። ከቅድሙ ራቅ ብላ ነው የቆመችው።

ማርላ እጇን ዘርግታ ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ በጭብጧ ያዘችው።

«ድርቆሽ ነበር» አለችው።

«ምኑ?»

«ቅድም ሰላም ያልከው። ሰላምታ አልመለሰም ያልከው። ድርቆሽ ነው።»

ነፋሱ ፒክአፑን ወዘወዘው። አንድ ፌንጣ ከሳሩ ዘሎ መስታወቱ ላይ አረፈ፤ እሱም እዚያው ተቀምጦ የሚሆነውን የሚጠብቅ ይመስላል።

«መሃሉ ጠፍቷል» አለ ዱዌን በመጨረሻ።

«የምኑ መሃል?»

«የማየው ነገር መሃል። ዳር ዳሩ ደህና ነው። ቀጥ ብዬ ሳየው ነው የሚጠፋው። መስታወት ላይ ቅባት የነካ አውራ ጣትሽን ብታሺበት እንደሚሆነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፋሲካ በፊት።»

«ሐኪም አየህ?»

«እሱማ በደንብ አየኝ። እኔ ነኝ እሱን ያላየሁት።»

ማርላ አልሳቀችም። «ምን አለህ?»

«መንዳት አቁም አለኝ።»

«ያቺን ልጅ ገጭተሃት ቢሆንስ?»

ዱዌን ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«አውቃለሁ» አለ።

«አታውቅም። ብታውቅ ቁልፉን ቤት ትሰጠኝ ነበር።»

«ብነግርሽ ጉዞው ይቀራላ። ለካርሊን ትነግሪያታለሽ፣ ካርሊን ታለቅሳለች፣ እኔን በረንዳ ላይ ታስቀምጡኛላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት እኮ ሐይቁን አላየውም፣ ማርልዬ። ዘንድሮ ዳር ዳሩንም ቢሆን ልየው ብዬ ነው።»

«እኔንስ? ሦስት ወር ሊሞላ ነው ፊቴን ካየህ።»

«ፊትሽን ለማየት ጆሮሽን ማየት አለብኝ» አለ። አሁንም ከሷ አለፍ ያለውን መስኮት እያየ ነው። «ጆሮሽን ሳይ አፍሽና አይንሽ ብቅ ይላሉ። ቀጥ ብዬ ካየሁሽ የለሽም። ፀጉርሽን እንደተቆረጥሽ አይቻለሁ። ያምርብሻል። ከተናገርኩ ሌላውን ሁሉ እንዳትጠይቂኝ ፈርቼ ነው።»

ማርላ ሳታስበው ጆሮዋን ነካች። ንዴቷ አልበረደም፤ እንዲያውም ይብስ ነደዳት። ከንዴቱ ስር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ከፋሲካ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ቀስ ብሎ የተነሳ አይነት። የቱን አስቀድማ እንደምትሰማ አላወቀችም።

«ለካርሊን ደውዪላት» አለ ዱዌን። «ከባሏ ጋር መጥታ ትወስደናለች። የሰባት ሰዓት መንገድ ነው፣ ማታ ይደርሳሉ።»

ማርላ ስልኩን አየችው። ከዚያ ስፖኪዮውን አየች። ተሳቢ ቤቱ መስታወቱን ሞልቶ ቆሟል፣ ነጭ፣ ግድግዳ የሚያክል። እሱን የጎተተችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ግቢ ልታወጣው ስትል የአዳራሹን ጥግ ይዛ ሄደች። ዱዌን ይህን ታሪክ በየገናው ያወራል። በየዓመቱም ጥጉ ትንሽ ትንሽ ይሰፋል።

«ውረድ» አለችው።

«ወዴት?»

«ውረድና በዚህ በኩል ዙር። እኔ ነኝ የምነዳው።»

«ማርላ፣ ተሳቢ እኮ ነው ከኋላ ያለው።»

«አይቼዋለሁ።»

«መቶ ሠላሳ ማይል ይቀረናል። ደግሞ እዚያ ስንደርስ ዛፎቹ መሃል በኋላ ማርሽ ማስገባት አለ። የአዳራሹ ጥግ…»

«የአዳራሹ ጥግ ተጠግኗል። ሐይቁን ማየት ትፈልጋለህ አትፈልግም?»

ወረደ። መዳፉን የጋለው ብረት ላይ እያስነካ በፒክአፑ አፍንጫ በኩል ዞረ። ማርላ ከውስጥ ሆና አየችው። በጨለማ ቤት ውስጥ ግድግዳ እየዳሰሰ የሚሄድ ሰው ነው የሚመስለው። ይህን እስከዛሬ እንዴት እንዳላየች ገረማት። ወንበሩን ወደፊት ሳበች፣ ስፖኪዮዎቹን ለራሷ አስተካከለች።

ሴትዮዋ ምልክቱን ወደ «እለፉ» ስታዞረው ማርላ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ አድርጊልን የኔ ልጅ።»

ሴትዮዋ ማን መሪ እንደያዘ አየች። «እርስዎ ነዎት? በሉ ቀስ ብለው» አለች። ፊቷ ትንሽ ፈታ ብሏል።

የመጀመሪያዎቹን ማይሎች ማርላ በሰዓት በአርባ ማይል ነዳች። ከኋላዋ ስድስት መኪና ተሰለፈ። ነፋሱ ከግራ እየመጣ ተሳቢውን ይገፋል፣ ተሳቢው ፒክአፑን ይገፋል፣ እሷ መሪውን ታንቃለች። አንድ ግዙፍ የከብት ጭነት ከፊት መጥቶ እንዳለፈ አየሩ ሳባቸው፤ የተሳቢው ጭራ ወደዚያ፣ ወደዚህ መማታት ጀመረ። እግሯ ወደ ፍሬኑ ሄደ።

«ፍሬን አትንኪ» አለ ዱዌን፣ በዝግታ። «ነዳጁን ብቻ ልቀቂው። መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ አትከራከሪው። ራሱ ይደክመዋል።»

ለቀቀች። ተሳቢው ሁለቴ፣ ሦስቴ ተወራጨና ደከመው። ማርላ ላብ ያጠመቀውን መዳፏን በየተራ ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ያኔ ነው ዱዌን የመቀመጫ ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ እንደነበር ያየችው።

«አዳራሹን አልፈነዋል?» አላት።

«ዝም በል።»

ሃምሳ ገባች። ከፊት አሮጌ ቀይ ፒክአፕ ብቅ አለ።

«መጣ» አለችው፣ ጣቶቿን እያነሳች። ከጎኗ ዱዌን ሁለት ጣቱን ከጉልበቱ ላይ አነሳ።

«ማነው?»

«ሽማግሌ ነው። ውሻ አጠገቡ አስቀምጧል።»

«መለሰ?»

«ሁለቱም መለሱ።»

ዱዌን ሳቀ። በዚያ ቀን የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ከዚያ በኋላ «መጣ» ባለች ቁጥር ጣቱን ያነሳል፤ እሷም ትነግረዋለች። ሴትዮ ናት፣ ስልክ ታወራለች። ጎረምሳ ነው፣ አልመለሰም። ጎረምሳውን ሦስት ማይል ሙሉ አሙት።

አሸዋማዎቹ ኮረብቶች ሲጀምሩ ዱዌን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ፀሐይ ያረፈበት ሳር ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ይፈሳል።

«ልንገርህ ምን እንዳለ?»

«ተይው፣ ይታየኛል» አለ። «ደግነቱ ይሄ አገር ዳር እንጂ መሃል የለውም።»

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና ከፍ ብላ ነበር። አስራ አራተኛው ቦታ ባዶ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ሰፋሪዎች ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ተሳቢ ቆሞ የኋላ መብራቱ ሲበራ ሁሉም ወሬያቸውን አቆሙ። እዚያ ቦታ የከሰዓት መዝናኛ ይሄ ነው፤ ባልና ሚስት ተሳቢ ሲያስገቡ ማየት። ማርላም ዱዌንም ስንት ዓመት እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው በሌላው ሲስቁ ኖረዋል።

እጅጌ የሌለው ሸሚዝ የለበሰ፣ ቢራ የያዘ ሰውዬ ተነስቶ ወደ ዱዌን መጣ። «አባት፣ እኔ ላስገባላችሁ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» አለ ዱዌን። «ሹፌሯ ያቻትልህ።»

ሰውየው ወደ ማርላ ዞረ።

«አመሰግናለሁ» አለችው። «አንተ ተቀመጥ፣ ቢራህ ይሞቅብሃል።»

ከኋላ ቆሞ በእጅ መምራት ሁሌም የሷ ሥራ ነበር። መዳፍ ተከፍቶ ከተጠራ ነይ ማለት ነው፣ ጭብጥ ከሆነ ቁሚ። «ከስፖኪዮዬ አትጥፊብኝ» ይላት ነበር በየዓመቱ። አሁን እሱ ሄዶ በግራው ዛፍ አጠገብ፣ ከመንገዷ ወጣ ብሎ ቆመ። ግንዱን ዳስሶ ቦታውን አረጋገጠ።

«ከስፖኪዮው ካጣሽኝ ቁሚ» ብሎ ጮኸላት።

ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። መሪውን ወደ ግራ ስትል ተሳቢው ወደ ቀኝ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሙከራ ላይ እንደ ቢላ ታጠፈባት። ከወንበሮቹ አንድ ጉርምርምታ ተሰማ። ወደፊት ወጣች፣ አቃናች፣ እንደገና ገባች። አሁን ቀስ ብሎ ይታዘዛት ጀመር። ዱዌን መዳፉን ከፍቶ ይጠራታል፤ ፊቱን ግን ወደ ሐይቁ አዙሯል።

«ሰውዬው ሐይቅ ነው እንዴ የሚያየው?» አለ ባለቢራው። አንዳንዶቹ ሳቁ።

ድንገት የዱዌን መዳፍ ጭብጥ ሆነ። ማርላ ያኔውኑ ቆመች። ዱዌን እየዳሰሰ ወደ ተሳቢው ጥግ ሄደ፣ እጁን በጥጉና እዚያ በቆመው የውሃ ቧንቧ መሃል ዘረጋ።

«አንድ ስንዝር» አለ። «አንድ ስንዝር ነው የቀረሽ። ውጪና እንደገና ነይ።»

ባለቢራው ቢራውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

ማርላ ወጣች። ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተለጥፏል። እስኪመሽ መውጣትና መግባት ካለባት ትወጣለች፣ ትገባለች። ጎማዎቹን አቃናች። የኋላ ማርሹን አስገባች። ፍሬኑን እንደረገጠች ስፖኪዮው ውስጥ ፈለገችው።

እዚያ ነበር፣ አውራ ጣት በሚያክል መስታወት ጥግ ላይ፣ በዛፉ አጠገብ። ፊቱ ወደ ውሃው ዞሯል፤ ለማያውቀው ሰው ምንም የማያይ ይመስላል። መዳፉን አልከፈተም፣ እጁንም አልጨበጠም። ሁለት ጣቱን ብድግ አደረገ።

ማርላ ሁለት ጣቷን ከመሪው ላይ አነሳች። ከዚያ እግሯን ቀስ ብላ ከፍሬኑ ላይ ለቀቀች።