ለጉልበት የተሠራ መንገድ

«የምንጩ ጌታ፣ የውሃችን ባለቤት፣ ለማን ትተኸን ሄድክ?» እያለች ደረቷን የምትመታውን ሴት ወልደማርያም አላወቃትም። ድንኳኑ አፍ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በጉራጊኛ ታለቅሳለች። ቋንቋው እናቱ ያሳደገችበት ነው፤ ቃሉ አንድ ሳይቀር ይገባዋል። ያልገባው ነገሩ ነው። የቱ ምንጭ? እሱ የሚያውቃት መንደሩ ጉቾ ውሃ የላትም። ሴቶቿ ቁልቁል ወንዝ ወርደው፣ እንስራ በጀርባቸው አዝለው፣ ዳገቱን እያቃሰቱ ይመለሳሉ። እናቱም ሚስቱም ወገባቸው የጎበጠው በዚያ መንገድ ነው።

አጠገቡ ወደተቀመጠው የእድሩ ዳኛ ወደ ፈቃደ ጠጋ ብሎ፣ ሴትየዋ ስለ የትኛው ምንጭ እንደምታወራ ጠየቀው። ፈቃደ ዞር ብሎ አየው።

«ልጅህ ኢዮብ ያወጣው ነዋ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አላየኸውም እንዴ?»

አላየውም።

ጉቾ ከቡታጅራ በላይ፣ ከዘቢዳር ተራራ ሥር የተቀመጠች ትንሽ መንደር ናት። በየጓሮው እንሰት፣ ከእንሰቱ በላይ የገብስ ማሳ፣ ከገብሱ በላይ ዳገቱ። ወንድ ልጅ ጢም ማብቀል ሲጀምር አዲስ አበባ ይገባል፤ መንደሩን የሚጠብቁት ሴቶችና ሽማግሌዎች ናቸው። ለመስቀል ወንዱ ሁሉ ግልብጥ ብሎ ይመጣል፤ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይጨፍራል፤ ከዚያ መንደሩ ተመልሶ ጭር ይላል። አሁን ግን ዐቢይ ጾም ነው፤ ሆኖም ከቤቶቹ ፊት ለፊት በተዘረጋው ሰፊ ሣር፣ ጀፎረው ላይ፣ መስቀል የደረሰ ይመስል መኪናው ተደርድሯል። ሁሉም የመጣው ለኢዮብ ነው። ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ኢዮብ ዳገቱ ላይ በተነሣ ቃጠሎ ውስጥ ገብቶ፣ የሚነድ ዛፍ ወድቆበት ሞተ።

ወልደማርያም የደረሰው ሳጥኑ በምስማር ከተመታ በኋላ ነበር። ክፈቱልኝ፣ ልጄን ልየው ብሎ ነበር። ቄሱና ፈቃደ ግራና ቀኝ ይዘውት፣ በደህናው ቀን መልኩ አስበው ብለው ለመኑት። እሱም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የልጁን መልክ ሊያስብ ይሞክራል፤ የሚመጣለት ግን የልጅነቱ ፊት ብቻ ነው። ያደገውን ኢዮብን አጥብቆ አይቶት አያውቅም። እንባውም እምቢ አለ። ለቀስተኛው በደንብ አድርጎ ያለቅሳል፤ አባት ደርቆ ይቀመጣል። ድንጋጤው ነው፣ ይላሉ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው። ምግብም አልቀመሰም።

ልጁ አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ መርካቶ ወስዶት ነበር። ወልደማርያም የፕላስቲክ ዕቃ ይነግዳል፤ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። ኢዮብ ሥራ አይጠላም፤ ጎህ ሳይቀድ ይነሣል፣ ሱቁን ይጠርጋል፣ ዕቃ ይሸከማል። ገበያተኛ መጥራት ግን አይሆንለትም፤ አንዱ ዋጋ ሲከራከር አብሮ ያፍራል። የተሰነጠቀውን ባልዲና ሳፋ ከሱቁ ጀርባ እየሰበሰበ አፈር ይሞላበትና ዘር ይቀብርበታል። አንድ ቀን አባቱ በሌላ ነገር ተናድዶ መጣ፤ የበቀለውን ሁሉ በተሸካሚዎቹ ፊት በእግሩ እየገፋ ደፋው። ኢዮብ ጎንበስ ብሎ ችግኞቹን ከአፈሩ ለቀመ። በማግሥቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሮ አገሩ ገባ።

ከጉቾ ወደ ከተማ የሚሸሽ እንጂ ከከተማ ወደ ጉቾ የሚሸሽ ታይቶ አይታወቅም። የአገር ልጆች ወንድ ልጅህስ ምን ይሠራል ብለው ሲጠይቁት ወልደማርያም «እናቱን ይጠብቃል» ይልና ወሬ ይለውጣል።

ይህን ሁሉ ዓመት ልጁ ሲሠራ የኖረውን አሁን ከለቀስተኛ አፍ ይለቅመዋል። ዳገቱ ከብት የጨረሰው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ጎርፍ እየላከ ማሳ የሚወስድ ራቁት መሬት ነበር። ኢዮብ ከቤት ቤት እየዞረ ሴቶቹን ለመነ፤ ከብቶቻችሁን ከዳገቱ አውርዱ፣ ሣሩን እኔ አጭጄ አመጣላችኋለሁ አለ። መጀመሪያ ሳቁበት። እሱ ግን እንዳለው አጭዶ አመጣ። ከዚያ ጽድ ተከለ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ፤ ባህር ዛፉን ውሃ ይጠጣል ብሎ ከታች ጠርዙ ላይ ብቻ ተወው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጋ ላይ አንዲት አሮጊት እንጨት ልትለቅም ወጥታ እግሯ ረጠበ። ኢዮብ ቆፈረው፣ በድንጋይ ከበበው። አሁን የጉቾ ሴት ወንዝ አትወርድም።

ወልደማርያም ይሰማል። አንዳንዱ ሰው ሲያወራ፣ አንተ እኮ ታውቀዋለህ እያለ ነው። እሱም አንገቱን ይነቀንቃል፤ ለመስቀል በመጣ ቁጥር ግን ከጀፎረው አልፎ አያውቅም።

ባለፈው መስቀል ኢዮብ አጠገቡ መጥቶ ተቀምጦ ነበር፤ ጀፎረው ላይ፣ የሌሎቹ ልጆች መኪናቸውን ሲያሳጥቡ። እስቲ አንድ ጊዜ ዳገቱን ይውጡና ላሳይዎት አለው። ወልደማርያም ጉልበቴን ያመኛል ብሎ እምቢ አለ። ማመሙስ እውነት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን ያ አልነበረም። እኩዮቹ እያዩት፣ ከጎኑ የላስቲክ ጫማ ካደረገ ልጁ ጋር ዛፍ ሊያይ ሲወጣ መታየት አልፈለገም። ኢዮብ የአባቱን ጉልበት ጥቂት አየና «እንግዲያስ ለከርሞ መስቀል ይደርሳል» አለ። ምን እንደሚደርስ ወልደማርያም አልጠየቀውም።

በሠልስቱ ማግሥት ከድንኳኑ ጀርባ ሹክሹክታ ሰማ። ከአዲስ አበባ የመጡት የወንድሙ ልጆች ናቸው፤ እሳቱን ያስነሣውን ሰውዬ እንዴት ዝም እንላለን፣ ፖሊስ ዘንድ እንሂድ ይላሉ። ፈቃደ ነገሩ በሽማግሌ እንደተያዘ እየነገረ ሊያበርዳቸው ይሞክራል። ወልደማርያም ተነሥቶ ሄደና ማን ነው ሲል ጠየቀ። ልጆቹ ወደ ፈቃደ ዞሩ። በመጨረሻ ፈቃደ ተናገረ።

«ሰይዶ ነው። ማር ሊቆርጥ አጭሶ፣ ነፋስ ወሰደበት።»

ሰይዶን ያውቀዋል። የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከኢዮብ ጋር አብሮ አፈር ፈጭቶ ያደገ፣ በእነ ኢዮብ ቤት የጾም ቀን ሳይቀር ገብቶ የሚበላ። በአገሩ ደንብ ሳያስበውም ቢሆን በእጁ ነፍስ የጠፋ ሰው፣ ሽማግሌ ገብቶ ደሙን እስኪያደርቅ ድረስ የሟች ቤተሰብ ባለበት አይደርስም፣ ከገበታቸውም አይቆርስም። ሰይዶ በለቅሶው ያልታየው ለዚህ ነበር።

በነጋታው ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ወልደማርያም ሚስቱን ምሥራቅን ጓሮ እንሰቱ ሥር ተቀምጣ አገኛት። ጥቁር ለብሳ፣ ፀጉሯን ተላጭታ፣ በአንድ ሌሊት ያረጀች መስላለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ ኖረው፣ ሲገናኙም እንደ እንግዳ ነው የሚከባበሩት።

ስለ ሰይዶ ታውቂ ነበር ወይ አላት። አዎ አለች። ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት።

«ምን ሊያደርጉት?» አለች። «የኢዮብ አባት፣ ሁለቱም በእኔ እጅ ነው ያደጉት። አንዱን ቀብሬአለሁ።»

ቀጥላም፣ ዳገቱን ወጥቶ አይቶት እንደሆነ ጠየቀችው።

«በዚህ ጉልበት?»

«ለዚያ ጉልበት ብሎ አይደል እንዴ መንገዱን የሠራው!»

ከዚያ ነገረችው። ኢዮብ የገብሱ አጨዳ ካለቀ ጀምሮ በየቀኑ ዶማውን ይዞ ይወጣ ነበር። አቋራጩ ቀጥ ያለ ነው፣ አባባ አይችሉትም ብሎ ዳገቱን እያጠማዘዘ አዲስ መንገድ አወጣ። ደረጃ እየቆረጠ እሷን ያስወጣታል፤ አባባ እግራቸውን ከዚህ በላይ ማንሣት ይችላሉ ወይ ይላታል፤ ከፍ ያለ ከመሰላት አፍርሶ ዝቅ ያደርገዋል። ለመስቀል ሊያስደንቀው ስለፈለገ አትንገሪው ብሏት ነበር።

«ያወረድነውም በዚያው ነው» አለች ምሥራቅ፣ ዓይኗን ከእንሰቱ ሳትነቅል። «ቃሬዛው አልተንገላታም። እንደ ተኛ ነው የወረደ።»

ወልደማርያም ብቻውን ወጣ። መንገዱ ከገብሱ ማሳ ጫፍ ይጀምራል። ደረጃዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ከጎን የባህር ዛፍ መደገፊያ ተበጅቶላቸዋል፤ በየመታጠፊያው ለመቀመጫ የሚሆን ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። በግራ በኩል ያለው ጠቁሮ ከስሏል፤ አመዱ ገና ይሸታል። በቀኝ በኩል ያለው ለምልሟል፤ ወፍ ይጮህበታል። ከዚህ ቀደም ራቁቱን የሚያውቀው መሬት ላይ የፀሐይ ብርሃን በቅጠል ተጣርቶ ይወርዳል። ምንጩ ዘንድ ሲደርስ ጀሪካን የሚሞሉ ሴቶች አዩት፤ ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት። ውሃው ቀጭን ነው፤ ከድንጋይ ሥር ድምፅ ሳያሰማ ይወጣል።

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠና እጁን እንደ ልማዱ ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ሊያሸው። ይህን ሁሉ ወጥቶ ጉልበቱ አላመመውም። ያስለቀሰው ይኸው ነበር። አፉን በጋቢው ይዞ አለቀሰ፤ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ትተው ፊታቸውን አዙረው አብረውት አለቀሱ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞልቶ ሳለ፣ በሩ አካባቢ ወሬው ድንገት ቀጥ አለ። ሰይዶ ነበር፤ ሚስቱ ሰልሚያ ከኋላው። ሁለት እጆቹ እስከ ክርኑ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ጋቢውን ያለበሰችው እሷ መሆኗ ያስታውቃል። ከወልደማርያም የወንድም ልጆች አንዱ ብድግ አለ። ፈቃደ ቀድሞ ሄዶ፣ ሽማግሌዎቹ ገና እንዳልተቀመጡ፣ ደንቡን እንደሚያውቀው፣ ቢመለስ እንደሚሻል በለሆሳስ ነገረው። ሰይዶ ደንቡን አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ በላይ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም አለ።

ወልደማርያም ከተቀመጠበት «ይግባ» አለ።

ብድግ ያለው ተቀመጠ። ሰልሚያ ወደ ሴቶቹ ሄደች። ሰይዶ ወልደማርያም ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ሊንበረከክ ሲል ወልደማርያም አጠገቡ ያለውን ቦታ አሳየው። ተቀመጠና ሳይጠየቅ ተናገረ። ቀፎውን አጭሶ እሳቱን አፈር እንዳለበሰው፣ እንደጠፋ እርግጠኛ ሆኖ መውረድ እንደጀመረ፣ ዞር ሲል ሣሩ ተያይዞ እንዳየ፣ የጠራውም መጀመሪያ ኢዮብን እንደሆነ። ሁለቱ በቅጠል እየደበደቡ ወደ ማጥፋቱ ተቃርበው ነበር። ነፋሱ ዞረና እሳቱ ወደ ምንጩ በኩል ሄደ፤ ኢዮብ ቀድሞት ገባ፤ ጽዱ ወደቀ። ሰይዶ ግንዱን በእጁ ነው ያነሣው።

ወልደማርያም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀው።

«ስታወጣው ነፍሱ ነበረች?»

«ነበረች። ለጥቂት።»

«ምን አለ?»

ሰይዶ አንገቱን ደፋ። ሴቶቹ በኩል ያለው ልቅሶ እንኳ ረገብ አለ።

«አባቴን ብሎ ተጣራ በላቸው፣ ይጽናናሉ ብለው ሰዎች መክረውኝ ነበር» አለ ሰይዶ። «እኔም እንደዚያ ልል ነበር የመጣሁት። ጋሽ ወልደማርያም፣ ምንም አላለም። ተንፍሶ ተንፍሶ ዝም አለ።»

ከፈቃደ በቀር ማንም ወልደማርያምን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። እሱ ግን ፊቱ አልተለወጠም። ከቀብሩ ጀምሮ እግዜር ያጥናህ፣ ጥሩ ልጅ ነበር፣ ስምህን ሲያነሣ ነው የኖረው ሲባል ሰንብቷል፤ ሁሉም ባጠገቡ አልፏል። ይህ ግን ልቡ ላይ ተቀመጠ። ከልጁ ጋር የነበረ ሰው ነው፤ ያየውን ነገረው።

የእድሩ ሴቶች ምሳ ይዘው ገቡ። ቆጮና ጎመን በሰፌድ ለየሰዉ ተዞረ። ከወልደማርያም ፊት ያስቀመጠችው ሴት ጥቂት አመነታች፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ተቀምጧል፣ አንዱ የዚህ ቤት ገበታ የተከለከለ ነው። አስቀምጣ ሄደች። ሰይዶ ፊቱን ከምግቡ አዞረ፤ የታሰሩ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ።



ወልደማርያም እጁን ታጠበ። ከቆጮው ቆረሰ፤ ጎመኑን ደልደል አድርጎ ጠቀለለበት፤ እንዳይበተን በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገው። ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ ወደ ሰይዶ አፍ አነሣው። በሌላኛው እጁ ከሥሩ ደግፎ ያዘው። ሰይዶ ቀና ብሎ አየውና አፉን ከፈተ።

ወልደማርያም እስኪውጥ ጠበቀው፤ ከዚያ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረ።