ሦስት መቶ ፈረስ በአሸዋ ውስጥ

የመስክ ሾፌሮች ስም ሲያወጡ አይራሩም። ጥርሱ የወለቀውን "ድዱ" ይሉታል። አንድ ጊዜ ነዳጅ ጨርሶ መንገድ ላይ ያደረው "ጦመኛው" ሆኖ ይቀራል፤ ልጆቹም የጦመኛው ልጆች ናቸው። እሷን ደግሞ "ገልባጯ" ይሏታል። ልዩነቱ፣ ድዱ በእርግጥ ጥርስ የለውም፣ ጦመኛውም በእርግጥ ነዳጅ ጨርሷል። እሷ ግን በሕይወቷ አንድም መኪና ገልብጣ አታውቅም።

ከሰባት ዓመት በፊት የአባቷ የመስክ መኪና አሸዋማ ወንዝ ውስጥ በጎኗ ተኝታ በተገኘችበት ቀን መሪውን ይዞ የነበረው ታላቅ ወንድሟ ነው። እሷ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ከጎኑ ተቀምጣ ነበር። አባታቸው ደርሶ "ማነው የነዳው?" ብሎ ሲጮኽ ወንድሟ ዓይኑን በጨው አጥቦ ወደ እሷ ጠቆመ። እሷ ግንባሯ ተፈንክቶ ደሙ አፏ ውስጥ ይገባ ነበርና ለመመለስ ዘገየች። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ ለራሷ ይቅር አላለችም። ደሟን ጠርጋ እውነቱን ስትናገር ነገሩ አልቆ ነበር። ቀድሞ የተናገረ እውነተኛ፣ ዘግይቶ የተናገረ ሰበበኛ ነው።

አባቷ ዳግመኛ ቁልፍ አልሰጣትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሞትም እንደዚያው አምኖ ሞተ። ወንድሟ ውሎ አድሮ ነገሩን የረሳው ይመስላል፤ አንዳንዴም ሰው ፊት እየሳቀ ያነሣዋል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ "ጋሼ" ብላው አታውቅም።

የተገለበጠችውን መኪና የሚፈልግ ስላልነበረ ለእሷ ተተወችላት። ጣሪያዋን በመዶሻ ደብድባ ልታቃና ሞከረች፤ እስከ ዛሬ ግን የተረገጠ ጣሳ ይመስላል። ሾፌሮቹ "አሮጊቷ" አሏት። በአሮጊቷ ቧንቧ ትጭናለች፣ ሲሚንቶ ትጭናለች፣ ፍየልም ሳይቀር ጭናለች። ሰው ግን አይሳፈርላትም። ነፍሱን ለገልባጭ የሚሰጥ ማን ነው?

ወንድሟ ባለፈው ዓመት የአባታቸውን ጋራዥ ከነመሣሪያው ሸጦ አዲስ መኪና ገዛ። እናታቸው "መኪና ለገለበጠች ልጅ ጋራዥ ምን ያደርግላታል?" ብላ ፈረመች። መኪናው ጥቁር ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው። ከመሪው አጠገብ የአሸዋ፣ የጭቃና የድንጋይ ሥዕል ያለበት የሚሽከረከር ማዞሪያ ተገጥሞለታል፤ ሥዕሉን መምረጥ ነው፣ ሌላውን መኪናው ራሱ ያውቃል ተብሏል። ሾፌሮቹ መኪናውንም ባለቤቱንም "ሦስት መቶ ፈረስ" አሏቸው። እሷ "ቆርቆሮ" አለችው። ያ ሁሉ ገንዘብ ለቆርቆሮ! አንድ ዓመት ሙሉ ይህን ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

አሁን አንድ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ድርጅት ለዓመት የሚሠራ የመስክ መኪና ፈለገ። የድርጅቱ ኃላፊ ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት የቀረው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። "ለውዱ መኪና ልክፈል ወይስ በርካሹ ልገላገል የሚለውን ቢሮ ተቀምጬ አልወስንም" አለና ሁለቱንም ለሙከራ ጠራቸው። መንገዱ ወንዙን ተሻግሮ እስከ አዲሱ ጉድጓድ ነው። ሲሄድ በወንድሟ መኪና፣ ሲመለስ በእሷ ይሳፈራል።

ሥራውን ፈልጋዋለች። ከሥራው ይልቅ የፈለገችው ግን ሌላ ነው፤ ያን ስም ከራሷ ላይ አውርዳ ባለቤቱ ራስ ላይ ማስቀመጥ።

ጠዋት ግቢው ውስጥ ሾፌሮቹ ለወሬ ተሰብስበው ነበር።

"መጣሽ እታለም?" አለ ወንድሟ በመስኮቱ ክርኑን አውጥቶ። "ያቺን ጣሳ ይዘሽ?"

"ይዤ።"

"በይ ከኋላ ከኋላዬ ተከተዪ። ከተገለበጥሽ ክላክስ አድርጊ፣ እመለስልሻለሁ።"

ሾፌሮቹ ሳቁ። ድዱ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

"አንተም ከቆምክ አድርግ" አለችው።

"ይሄ ነው የሚቆመው? ሦስት መቶ ፈረስ እኮ ነው የኔ እህት!"

"ፈረሱስ ሦስት መቶ ነው። ጋላቢው ስንት ነው?"

አሁን ሳቁ ዞረ። ኃላፊው አልሳቀም፤ ጢሙ ግን ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ውሃ መያዣውን ይዞ ወደ ጥቁሩ መኪና ገባ።

እውነት ለመናገር መንገዱን ሁሉ ስትናደድ ነው የሄደችው። ጥቁሩ መኪና ዳገቱን እንደ ሜዳ ወጣው። አሮጊቷ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትከተል እሱ አናቱ ላይ ደርሶ ይጠብቃታል። ድንጋያማው ላይ እሷ እንደ ጆንያ ስትናጥ ከፊቷ ያለው መኪና ዝንፍ አይልም። ጥርሷን ነክሳ "ቆርቆሮ" አለች። አቧራው አፏ ውስጥ ገባ።

ወንዙ ጋ ደረሱ። ወርዱ ሰፊ፣ ውሃው ቀጭን ነው፤ ከአሸዋው በላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ራቅ ብሎ ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

አባታቸው ለወንዝ ሦስት ሕግ ነበረው። በጎማ ከመሻገርህ በፊት በእግርህ ተሻገር። አሸዋ ከመግባትህ በፊት ጎማህን አስተንፍስ፤ ጠንካራ ጎማ ይቆፍራል፣ የላላ ጎማ ይንሳፈፋል። ሦስተኛው፣ ውሃው ምን ይዞ እንደመጣ እይ፤ ጭራሮ ያልያዘ ጎርፍ ከጉልበት አያልፍም። እሑድ እሑድ ሁለቱንም ልጆች ከኋላ ወንበር አስቀምጦ ይህንን ሲደጋግም ነው ያደጉት።

ከአሮጊቷ ወርዳ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

"ምን ልትሆኚ ነው? ልትታጠቢ?" አለ ወንድሟ።

"አንተስ ጎማህን አታስተነፍስም?"

"የአባዬ ዘመን አልፏል እታለም። ሥዕሉ አለልኝ" ብሎ ማዞሪያውን የአሸዋው ሥዕል ላይ አደረገና ነዳጅ ረገጠ።

ውሃው ግራና ቀኝ እንደ ክንፍ ተነሣ። ማማሩስ አምሮ ነበር። መሐል ሲደርስ ግን አፍንጫው ደፋ አለና ቆመ። ወንድሟ ይብስ ረገጠው፤ ሦስት መቶ ፈረስ ባንድ ጊዜ መቆፈር ጀመረ። ቆፋሪው ድርጅት እንዲህ ያለ መቆፈሪያ ቢኖረው ኖሮ ያገሩ ጥም በሳምንት ያልቅ ነበር። መኪናው በሆዱ ተኛ።

ክላክስ ተሰማ። አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም አድርጎ።

ገልባጯ የአሮጊቷ ኮፈን ላይ ወጥታ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች።

"ገመድ አምጪ!" አለ ወንድሟ አንገቱን አውጥቶ።

"መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። የአባዬን መኪና ማነው የገለበጣት?"

"ምን?"

"ሰምተኸኛል።"

"አሁን የዚህ ጊዜ ነው? አብደሻል?"

"ቀጠሮ የለኝም። እጠብቃለሁ።"

ኃላፊው በሩን ከፍቶ ሱሪውን ሰብስቦ ወረደና ውሃውን እየረገጠ ዳር ወጣ። ከጎኗ ቆመ።

"ምንድን ነው የምትጠብቂው?"

"አንድ ቃል ብቻ ነው አለቃ። ለሰባት ዓመት ዘግይታለች።"

ኃላፊው ወንድሟን አየ፤ እሷን አየ። ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠና ከጫማው ውሃ አፈሰሰ።

የውሃው ቀለም ተለወጠ፤ ከላይ የዘነበው ደረሰ ማለት ነው። ቡናማ ሆነ፤ ትንሽ አረፋ ይዞ የመኪናውን ጎማ እስከ ወገቡ ሸፈነ። ወንድሟ ወጥቶ ጣሪያውን ይዞ የበሩ መረገጫ ላይ ቆመ። ውሃው ወደ መረገጫው ተጠጋ።

"እየመጣ ነው!" አለ። ድምፁ ቀጥኖ ነበር። "መኪናው ሊሄድብኝ ነው! ጋራዡን የሸጥኩበት እኮ ነው!"

"አውቃለሁ በምን እንደገዛኸው።"

ውሃውን አተኩራ አየችው። አረፋ አለ። ደቃቅ ጭቃ አለ። ሌላ ምንም የለም። እግሯን ማወዛወዝ ቀጠለች።

"እቴ! በእናታችን ሞት!"

"እናታችንን ተዋት። እሷም ተራዋ ይደርሳል።"

ውሃው መረገጫውን ነካ።

"እኔ ነኝ!" አለ።

"ምን ነህ?"

"የነዳሁት እኔ ነኝ!"

"ምኑን? ጮክ በል፣ አለቃ አልሰሙም።"

"ሰምቻለሁ" አለ ኃላፊው።

"አልሰሙም" አለች።

"የአባዬን መኪና የገለበጥኩት እኔ ነኝ!" ብሎ ጮኸ። ድምፁ ከማዶው ገደል ተመለሰ። "እሷ መሪ አልነካችም! ጎማ ሳላስተነፍስ፣ ወንዙን ሳላይ በስልሳ ገባሁበት! በቃሽ?"

"አልበቃኝም" አለችና ወረደች። "ግን ይሁን።"

ገመድ አላወጣችም። አሮጊቷ ያንን የብረት ክምር እንደማትጎትተው ገና ሲሰምጥ አውቃዋለች። አካፋ፣ ሁለት ጣውላና የጎማ መለኪያ ይዛ ውሃው ውስጥ ገባች። መጀመሪያ በእግሯ እስከ ማዶ ሄደች፤ ጠንካራው መሬት ከመኪናው በስተግራ አራት እርምጃ ላይ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብላ የአራቱንም ጎማ አየር ለቀቀች። መለኪያው ከሠላሳ ስድስት ወርዶ አሥራ ስምንት እስኪደርስ ታገሠች። እሷና ትዕግሥት እምብዛም አይተዋወቁም፤ ለጎማ ሲሆን ብቻ ትታገሣለች። አካፋውን ለወንድሟ ወረወረችለት።

"ቆፍር። ከጎማው ፊት እንጂ ከኋላው አይደለም።"

ቆፈረ። ነጭ ሸሚዙ ቡናማ ሆነ። ጣውላዎቹን ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሰካችና መሪው ጋ ተቀመጠች። የሥዕሉን ማዞሪያ አጠፋችው፤ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባችና ነዳጁን እንደ እንቁላል ነካችው።

መኪናው ተነሣ።

አልተንገታገተም፣ አልጮኸም፤ ከተኛበት ወገቡን ይዞ እንደሚነሣ ሰው ቀስ ብሎ ተነሣና ወደ ግራ ወደ ጠንካራው መሬት አቀና። ያ ሁሉ ጉልበት ከእግሯ ሥር ዝም ብሎ ይታዘዛታል። አሮጊቷ እዚህ ቦታ ብትሰምጥ ኖሮ ለሁለት ቀን ትቆፍር ነበር፤ ይህንንም ያውቀዋል ልቧ። ማዶ ወጥታ ሞተሩን አጠፋች። አንድ ዓመት ሙሉ ቆርቆሮ ስትለው የኖረችው መኪና ጥሩ መኪና ነው። ተናደደች። በቀሏ ሙሉ እንዲሆንላት መጥፎ ቢሆን ደስ ባላት።

ኃላፊው ተሻግሮ መጣ፤ ወንድሟም አካፋውን እየጎተተ።

"እንግዲህ አንቺን ልጠይቅ" አለ ኃላፊው። "ያዋጣል?"

አንድ "አያዋጣም" ብትል ሥራው የእሷና የአሮጊቷ ነው። ወንድሟም ያውቀዋል፤ ዓይኑ ከአፏ ላይ አልተነቀለም።

"መኪናው ያዋጣል" አለች። "ዳገት ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀድመኛል፤ በሽተኛ ሠራተኛ ቢኖርብዎ ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም። ያላዋጣው ሾፌሩ ነው። ወርዶ ወንዙን ለማያይ ሰው ሦስት መቶም ስድስት መቶም ፈረስ ቢሰጡት የሚቆፍረው ጉድጓድ ነው የሚጠልቀው።"

ኃላፊው ጢሙን አሸት አሸት አደረገና ወደ ወንድሟ ዞረ። "መኪናህን ለዓመት እወስዳለሁ፤ መሪውን እሷ ከያዘች። አይሆንም ካልክ አሮጊቷን ይዤ እሄዳለሁ።"

ወንድሟ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወንዙን አየ። ግንባሩ ተቋጠረ።

"ውሃው ቆሟል እኮ!" አለ።

ቆሞ ነበር። ከጉልበት በታች፣ ጸጥ ብሎ።

"ቀድሞውንም አይመጣም ነበር" አለችው። "ጭራሮ አየህበት?"

"አወቅሽ ማለት ነው? ዝም ብለሽ... እያወቅሽ አስለፈለፍሽኝ?"

"አባዬ ለብቻዬ አላስተማረኝም። አንድ ወንበር ላይ ነበርን። አንተ ታንኮራፋ ነበር።"

ኃላፊው ወደ ጉድጓዱ አቅጣጫ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ነገ ግቢው ውስጥ ይህ ቃል ከነጭራሮው እንደሚደርስ አወቀች። ቃል የሚቆጥብ ሰው ሲያወጣ ደግሞ ይታመናል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አባቷ አልሰማም፤ እሱን የሚያሰማ ወንዝ የለም። ያ እንደቆሰለ ይቀራል።

"እሺ" አለ ወንድሟ ለኃላፊው፣ መሬት እያየ። "ትንዳው።"

"ገና አላለቀም" አለች። "ዛሬ ከሥራ ስንመለስ እማዬ ጋ ትገባለህ። አሁን የጮኽካትን ሳትቀንስ ሳትጨምር ትነግራታለህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።"

"እሺ አልኩሽ።"

"በል አሮጊቷን አምጣልኝ። ጫማህን አውልቅ።"

ወንድሟ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ወደ ውሃው ገባ። በየእርምጃው አሸዋውን በእግሩ እየመታ፣ ልክ በልጅነታቸው አባታቸው ሲያደርግ እንዳዩት፣ ተሻገረ። እሷ የጥቁሩን መኪና ቀዝቃዛ ወንበር ወደ ኋላ አስተኝታ በመስታወቱ አየችው። ከአሮጊቷ ጎማ ሥር ተንበርክኮ አየር ይለቅ ጀመር። አንዱን፤ ሁለተኛውን፤ ሦስተኛውን። ከዚያ ወገቡን ይዞ ቀና አለና በሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

መዳፏን ክላክሱ ላይ ጣለችና ወደ አራተኛው ጎማ እስኪጎነበስ ድረስ አላነሣችም።