አደንጓሬ የማይበሉ ሰዎች

ባኮሮባ ኩሊባሊ፣ ልጃቸው ሲታን ሒሳብንና የኅብረተሰብ ጥናትን በአንድ ዲግሪ አጣምራ እንደምትማር የሰሙ ዕለት፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አሉ። የመመረቂያ ጥናቷ ካላማረ አንዱን ትተዋለች፤ በዚህ ተስማሙ። የተስማሙት እንኳ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጥናቱ ቀላል ይመስል ነበር፤ በባማኮ ሰፈራቸው ቤት ለቤት እየዞረች ሰው በሳምንት ምን እንደሚበላ መጠየቅ። ሲታን የዘነጋችው አንድ ነገር ቢኖር የገዛ የጎሣ ስሟን ነው። የኬታ ጎሣ የሆነ ሁሉ ኩሊባሊን «አደንጓሬ በሊታ» ሳይል አያልፍም፤ ኩሊባሊም አጸፋውን ይመልሳል። ከቅድመ አያት የወረሱት ቀልድ ነው፣ የሚቆጣበት የለም።

«እኛ? አደንጓሬ? በሩቁም አናውቀው!» አለቻት አንዷ ኬታ፣ የአደንጓሬ ድስቷ አጠገቧ እየተንተከተከ። «የእናንተን ቤት ጻፊ፣ በቀን አንድ ጆንያ! ጣሪያችሁ እስካሁን አለመገንጠሉ ነው የሚገርመኝ።»

በየኬታው ቤት መልሱ ይኸው ሆነ። የሒሳብ መምህሯ፣ «ውሸታሞቹን አውጥተሽ ጣያቸው» አሏት። የኅብረተሰብ መምህሯ ደግሞ፣ «ሰው አይጣልም፤ ለምን እንደዋሹ ፈልጊ» አሏት። አባቷም የትኛው ዛፍ እንደሚቀር ከወዲሁ ይጠይቋት ጀመር።

በመጨረሻ ውሸቶቹን በመጠናቸው ደረደረቻቸው። ከእነሲታን ቤት በቀረበ ቁጥር ውሸቱ ይገዝፋል፣ በራቀ ቁጥር ይሟሽሻል፤ ቀልዱ በወዳጅነት ልክ ነበር። እንግዲያው ከሁሉ የገዘፈው የፋሙሳ ኬታ መሆን ነበረበት፤ ከግንቡ ወዲያ የሚኖሩ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። የሳቸው መልስ ግን፣ «ማክሰኞና ቅዳሜ አደንጓሬ እንበላለን። አመሰግናለሁ ልጄ» የሚል ነበር። በኩሊባሊ የማይቀልድ ኬታ የተቀየመ ኬታ ነው፤ ሲታን በቀጥታ ወደ አባቷ ሄደች።

«ባባ፣ ፋሙሳን ምን አደረጓቸው?»

«ምን አደርገዋለሁ? ሚስቱ የሞተች ጊዜ እንኳ ከለቀስተኛው ሁሉ ጨዋው እኔ ነበርኩ።»

«አልቀለዱባቸውም?»

«በሚስቱ ለቅሶ?»

«ኬታ ሲያዝን ማሳቅ የማን ወግ ነው? የኩሊባሊ አይደለም እንዴ! እርስዎ እኮ እንደ ባዳ ነው ያጽናኗቸው።»

ባኮሮባ ጓደኛቸውን በጨዋነት እንደጎዷቸው አሁን ገብቷቸው አፈሩ። ከዚያ ከምሳ የተረፈውን አደንጓሬ በሳህን ይዘው ወጡ።

«አንተ ጎባጣ ኬታ!» የሚል የአባቷ ድምፅ ከግንቡ ወዲያ ተሰማ። «ያቺ ምስኪን አንተን ሽሽት እኮ ነው የሞተችው!»

ሲታን ወደ ግንቡ ተጠጋች። ቆይቶ ሳቅ መጣ፣ ለቅሶ የተቀላቀለበት የሽማግሌ ሳቅ።

«ሲታን!» ሲሉ ተጣሩ ፋሙሳ። «ወረቀትሽን አምጪ፣ መልሴን ላስተካክል! በዕድሜዬ አደንጓሬ ቀምሼ አላውቅም!»

«ጻፊለት!» አሉ አባቷ። «ከፈለግሽም ሁለቱም ዛፍ ላይ ውጪ፣ እኛ ከሥር ሆነን እንስቅብሻለን!»

ሲታን እየሮጠች ስትደርስ ፋሙሳ የሚናገሩት አደንጓሬ በሞላው አፍ ነበር፤ ሳህኑም ባዶውን ቀርቷል።