የአያ ክንዱ «ደህና»

በጎንደር ደጋ፣ ኮሶዬ ላይ ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው «እንዴት ነህ?» ብትሉት «ይመስገን፣ ደህና» ይላል። ቃጠሎው የሚወራው ከዚያ በኋላ፣ ተቀምጦ ነው።

ደመቀ ይህን አላወቀም፤ ወይም አውቆ ቸኮለ። «የአየር ንብረት ለውጥ የሳይንቲስቶች ፈጠራ ነው» ብሎ ከሚያስተምር ማኅበር፣ በ2002 ሚያዝያ ላይ ካሜራ ይዞ መጣ። ሽማግሌውን ገበሬ አያ ክንዱን ማሳቸው ዳር አገኛቸው።

«እንዴት ነዎት አባቴ? ክረምቱስ? ብርዱስ?»

«ይመስገን፣ ሁሉም ደህና።»

ካሜራው ተዘጋ። አያ ክንዱ «ግባ እንጂ፣ እንቀመጥ» ሲሉ መኪናው ተነሥቷል።

በወሩ አያ ክንዱ ከጎረቤታቸው ከወንዴ ጋር ጎንደር ወረዱ። አራዳ ገበያ እህል የምትነግደው ሐዲጃ ገብሳቸውን መግዛት ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል።

«አያ፣ ግድግዳ ላይ ወጥተው የለም እንዴ! ሸጋ ፎቶ ነው።»

«ምን ይላል?»

አነበበችላቸው፦ «የደጋው ሽማግሌ መሰከሩ፦ ብርዱም ክረምቱም ደህና ነው።»

ወንዴ አላሳለፋቸውም። «ብርዱ እንደ ድሮው ከሆነማ፣ በገብሱ መሬት ስንዴ ምነው አስዘሩን?»

ኮሶዬ አርባ ዓመት የዘራው አያ ክንዱ «ዝሩ» ሲሉ ነው። ሽማግሌው እንዳበሉት ይናገራል ከተባለ፣ ያ ቃል አበቃለት።

ፖስተሩ ግርጌ የስብሰባ አዳራሽና ሰዓት ተጽፏል፤ ያው ቀን፣ ስምንት ሰዓት። ሦስቱም ሄዱ። ደመቀ ከመድረክ ሲያያቸው አስጨበጨበላቸው። አያ ክንዱ ጭብጨባው እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁ።

«ልጄ፣ ያን ቀን ሰላም አልከኝ ወይስ ምስክር ጠራኸኝ?»

«ያው ነው አባቴ።»

«ያውማ አይደለም። ለሰላምታ ደህና ይባላል፤ ለምስክርነት ይማላል። ምስክር ደግሞ ማን እንዳበላው አስቀድሞ ይጠየቃል። እኔ የበላሁት የራሴን ገብስ ነው። አንተስ?»

«እኛ ለትርፍ ያልተቋቋምን ድርጅት ነን።»

«ለምን እንዳልተቋቋምህ አልጠየቅሁም። ማን አቋቋመህ?»

አዳራሹ ሳቀ። ደመቀ ወረቀቱን አገላበጠ። «ደጋጎች ናቸው። ስማቸው እንዲነገር አይሹም።»

«ምጽዋት ከሆነ በስውር ያምራል» አለች ሐዲጃ ከተቀመጠችበት። «ምስክር የሚያበላ ሰው ግን ምነው ይደበቃል?»

አያ ክንዱ እጃቸውን አነሡ። «አሁን ልመስክር። ሚካኤል ይየኝ፣ ልጅ ሳለሁ ኮሶዬ ላይ ስንዴ ውርጭ ይበላው ነበር። ዛሬ ያፈራል። ሸጋ ነው እንዳትሉ! ውርጩ ሲቀር ተባይ መጣ፤ የታችኛው ምንጭም ፋሲካን ሳያይ ይደርቃል። ይህን የምለው ማንም ሳያበላኝ ነው። ፎቶዬን አውርዱ።»

ደመቀ ስብሰባውን ዘጋ። ፎቶውን ያወረደው ግን ወንዴ ነው፤ አዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን ገንጥሎ፣ አጣጥፎ ለአያ ክንዱ ሰጠ።

ወደ ኮሶዬ ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ወንዴ ጎንበስ ብሎ፣ «አያ፣ የዘንድሮውን መቼ እንዝራ?» አላቸው።

አያ ክንዱ በመስኮት ደመናውን አዩ። አልቸኮሉም።

«ሐሙስ።»

ሐሙስ ኮሶዬ ላይ ሳይጠመድ የዋለ በሬ አልነበረም።