ኤሊና መርፌ

ልብስ ሰፊዋ በግድቡ ዳር የተነጠፈውን የእግር መንገድ ይዛ ስትሮጥ፣ ክንዷ ላይ የታሰረው ስልክ "ሁለት ኪሎሜትር" ሲል ተናገረ። ትንፋሿ ልክ ነው፤ እግሯም ዘይት እንደጠጣ የስፌት መኪና ይሄድላታል። እሑድ ማለዳ ነው፣ የወሩም የመጨረሻ ቀን። ከቤት ስትወጣ ለወሩ ካቀደችው መቶ ሃያ ኪሎሜትር የቀራት ስምንት ብቻ ነበር። የግድቡ ዙሪያ አራት ስለሆነ ሁለት ዙር ሮጣ ቤቷ ትገባለች። ሒሳቡ በልክ እንደተሰፋ ቀሚስ ገጥሟል።

ከፊቷ አንዲት ሴትዮ ታዘግማለች። ሮጠች እንዳይባል ትራመዳለች፤ ተራመደች እንዳይባል ክርኗን አጥፋ ትወዛወዛለች። ከረጅም ቀሚሷ ሥር ሰማያዊ የስፖርት ጫማ ብቅ ጥልቅ ይላል። ልብስ ሰፊዋ "ጎበዝ! በርቺ!" ብላ ልታልፋት አፏን ስትከፍት ዓይኗ ሴትዮዋ ራሷ ላይ ባሰረችው ሻርፕ አረፈ። የጠርዙን ስፌት ታውቀዋለች። እመሐል ላይ ክር አልቆባት በሌላ ቀለም የጨረሰችው፣ እስከ ዛሬ የምታፍርበት የገዛ እጇ ስፌት ነው።

አማቷ ናቸው።

እግሯ በራሱ ቆመ።

አማቷ በዚህ ሰዓት ዳቦ ቤት መሆን ነበረባቸው። ከአራት ወር ወዲህ በየማለዳው "ወረፋው ሳይበዛ ዳቦ ይዤ ልምጣ" ብለው ይወጣሉ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ፊታቸው ወዝቶ፣ ዳቦውን በብብታቸው ይዘው ሲመለሱ "የዛሬው ወረፋስ ጉድ ነው" ይላሉ። ማንም ጠርጥሮ አያውቅም። እንዴትስ ይጠረጥራል? ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ማጎንበሱ ወገቧን ሲይዛት፣ ከሁለት ዓመት በፊት መሮጥ የጀመረች ዕለት፣ በር ላይ ቆመው "ምነው፣ ማን አባሮሽ ነው?" ያሏት እኚሁ ሴት ናቸው። ከዚያም ወዲህ ላብ አጥምቋት በገባች ቁጥር ከንፈራቸውን መምጠጥ አልተዉም። አንድ ቤት ሲኖሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ተጣልተው አያውቁም፤ ግን ሁለቱም ቃላቸውን በሚዛን እየሰፈሩ ነው የሚነጋገሩት።

ሴትዮዋ ከፊት ቆም አሉ። ስልካቸውን ከደረታቸው አውጥተው፣ ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ በአንዲት ጣት መነካካት ጀመሩ። ጨርሰው ሲያነሡ የልብስ ሰፊዋ ስልክ ክንዷ ላይ ጢን አለ።

መልእክቱ "ወር በወር" ከሚባለው የሯጮች ቡድን ነው። ሃያ ሦስት አባላት አሉት። ያቋቋመው አንድ የጥርስ ሐኪም ሲሆን ደንቡ አጭር ነው፤ ወር ሲገባ ሁሉም ግቡን ይጽፋል፣ ወር ሲወጣ የደረሰበትን። መራመድም ይቆጠራል፤ ውሸት አይቆጠርም። እዚያ ማንም በስሙ አይጠራም። ልብስ ሰፊዋ "መርፌ" ነች። በየወሩ ሁለት መቶ እሮጣለሁ ብሎ ዘጠና ላይ የሚቆመው የአውቶቡስ ሹፌር "ፍሬን" ነው። አሁን የጻፈችው ግን ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ አይታት የማታውቀው፣ ቡድኑ ሁሉ የሚወዳት "ኤሊ" ነች።

"የመጨረሻ ቀን። ሁለት ቀርቶኛል። ጉልበቴ ዛሬ አልተሳደበም፤ ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ" ይላል።

ልብስ ሰፊዋ አንብባ ቀና ስትል አማቷ ጢን ወዳለው ድምፅ ዞረው እያዩዋት ነበር።

ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከልብስ ሰፊዋ አፍ ያመለጣት ይኸው ነው፤

"ዳቦ ቤቱ በዚህ በኩል ነው እንዴ፣ እማማ?"

አማቷ ስልካቸውን ደረታቸው ውስጥ ወሸቁ። "አቋራጭ ነው" አሉ፣ ኮስተር ብለው።

ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ በአፍንጫዋ ወጣ። አማቷም ትንሽ ታገሉና ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሁለቱ ሴቶች መንገድ ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

"ኤሊ እርስዎ ነዎት?"

"አንቺስ መርፌ አይደለሽ?"

"ያውቁ ነበር?"

"ልብስ ሰፊ፣ ወገቧን የሚያማት፣ አማቷ የምታስቸግራት። በዚህ ከተማ ስንት አለች ብለሽ ነው?"

የልብስ ሰፊዋ ሳቅ ቀጥ አለ። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ከሁለት ወር በፊት ለኤሊ ለብቻዋ የጻፈችው ትዝ አላት። በዝናብ ሮጣ የገባችበት ዕለት ነበር። "አማቴ ሩጫዬን አትወድም" ብላ ነበር የጻፈችው፤ "ቤቴ ስገባ እንደ ሌባ ነው የምታየኝ። እንደ አንቺ ያለች አማት ቢሰጠኝ ምን ነበረበት?" ኤሊ ብዙ ቆይታ "ቀንታ ይሆናል። ለተቀመጠ ሰው የሚሮጥ ማየት ቀላል አይምሰልሽ" ብላ መለሰችላት። በማግስቱ የበሰበሰ ጫማዋን ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት፣ ግድግዳ ተደግፎ አገኘችው። ባሏ ያደረገው መስሏት አመስግናው ነበር። እሱም ነገሩ ሳይገባው ምስጋናውን ተቀበለ።

"ጫማዬን ያደረቁልኝ እርስዎ ነበሩ?"

"ሌላ ማን አለ? ልጄ የገዛ ካልሲውን የት እንዳወለቀ አያውቅ።"

"እማማ፣ ያን የጻፍኩትን..."

"እውነት ነው የጻፍሽው። ስትወጪ በመስኮት አይሽ ነበር። ቀናሁ። ቀናሁ ማለት ሲያቅተኝ ከንፈሬን መጠጥኩ።" ሻርፓቸውን አጠበቁ። "በይ ተነሺ፣ ሰውነቴ ሳይበርድ ሁለቷን ልጨርስ። አንቺም ሩጫሽ አይስተጓጎል፤ እለፊኝ።"

አላለፈቻቸውም። እርምጃዋን ከእርምጃቸው አስተካክላ አብራቸው ሄደች።

አማቷ በየመካከሉ ትንፋሽ እየወሰዱ ነገሩን አጫወቷት። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ የደም ግፊታቸው ተነሥቶ ወጥ ቤት ውስጥ ወድቀው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጃቸው ውኃ እንኳ ቀድተው እንዲጠጡ አይፈቅድም። "ተቀመጪ እማዬ" ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰሙት ነው። ለምነው ያስፈቀዱት ቅርብ ያለውን ዳቦ ቤት ብቻ ነው። ጥርስ ሊያስተክሉ የሄዱ ጊዜ ግን ሐኪሙ ከመኪናው እስከ ክፍሉ ድረስ ሦስት ጊዜ ሲያርፉ አየና፣ ጥርሱን ትቶ ስለ እግራቸው ይጠይቃቸው ጀመር። ቡድኑ ውስጥ ያስገባቸው እሱ ነው።

"የግፊቱን ሐኪም ሳላስፈቅድ አልጀመርኩም" አሉ። "'ቀስ ብለው ከሆነ ይችላሉ' አለኝ። እኔም ቀስ ብዬ ነው። መጀመሪያ ወር ሃያ፣ ቀጥሎ ሃያ አምስት፣ ቀጥሎ ሠላሳ። ያሁኑ አርባ ነው። ክኒኔም በግማሽ ተቀንሶልኛል።"

ይህን ሲያወሩ ከኋላ የእግር ኮቴ መጣ። ሹፌሩና የጥርስ ሐኪሙ ናቸው። ሹፌሩ ገና ከሩቅ "መርፌ! ምነው ዛሬ፣ ክር አለቀ እንዴ?" ብሎ ጮኸ። የጥርስ ሐኪሙ ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያይ ፍሬን እንደያዘ መኪና ቆመ።

"እኔ ምንም አልተናገርኩም!" አለ እጁን አንሥቶ። "የታካሚዬን ምስጢር አላወጣም።"

"አውቀናል ዶክተር፣ ተውት" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ምኑን ነው ያወቃችሁት?" አለ ሹፌሩ።

"ኤሊ እኔ ነኝ፣ ልጄ" አሉ አማቷ። "ደግሞ ባለፈው ወር የጻፍከው መቶ አሥር እውነት አልመሰለኝም። አውቶቡሱን ነድተህ ይሆናል።"

ሹፌሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሐኪሙ ክንዱን ይዞ እየጎተተ ወሰደው፤ ራቅ ካሉም በኋላ "ኤሊ ማለት እሳቸው?" የሚለው ድምፁ ይሰማ ነበር።

ወደ መጨረሻው መታጠፊያ ሲደርሱ የልብስ ሰፊዋ ስልክ ጠራ። ባሏ ነው።

"እማዬ ጠፍታለች!" አለ፣ እያለከለከ። "ዳቦ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ። እዚህ ወረፋ የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም አሉኝ! የት የት ልፈልግ?"

አማቷ ሰምተዋል። ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ "አላየኋትም በይ" የሚል ምልክት አሳዩዋት። ልብስ ሰፊዋ አየቻቸው፤ ባሏ ሲያለከልክም ሰማች።

"ከእኔ ጋር ናቸው። ደህና ናቸው። ግድቡ ጋ ነን፣ ና" አለች።

"ሸጥሽኝ" አሉ አማቷ ስልኩ ሲዘጋ።

"ልቡ ከሚቆም ብዬ ነው። የእናንተ ቤት አንድ ግፊት ይበቃዋል።"

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ባሏ በሞተር ብስክሌቱ ደረሰ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል፣ እግሩ ላይ የመታጠቢያ ቤት ነጠላ ጫማ ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ። እናቱ ፊታቸው ቀልቶ፣ ክርናቸውን አጥፈው ሲመጡ አየና ቀለሙ ተለወጠ።

"አንቺ ነሽ ያመጣሻት?" አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። "በዚህ ዕድሜዋ? ልትገድያት ነው?"

"እኔ አላመጣኋቸውም" አለች ልብስ ሰፊዋ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ባመጣቸው ግን ደስ ይለኝ ነበር።"

"በሷ ላይ አትጩህ" አሉ እናቱ። "አራት ወር ሆነኝ። በገዛ እግሬ ነው የመጣሁት።"

"አራት ወር? እማዬ፣ ወድቀሽ እኮ ነበር! እኔ ነኝ ያነሣሁሽ!"

"አንተ ነህ ያነሣኸኝ። እስክሞት አልረሳውም።" አማቷ ቀርበው የተገለበጠውን የሸሚዝ ኮሌታ አስተካከሉለት። "ግን ልጄ፣ አንሥተህ ወንበር ላይ አስቀመጥከኝና ረሳኸኝ።"

"ረሳሁሽ? መድኃኒትሽን፣ ምግብሽን፣ ሁሉን በሰዓቱ የማቀርብልሽ እኔ..."

"እኔንማ አልረሳኸኝም። እግር እንዳለኝ ነው የረሳኸው።"

 ሞተሩ ይንተከተካል። የባሏ ዓይን እንባ አቀረረ፤ ሚስቱ እንዳታየው ጎንበስ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

"ብትወድቂስ?" አለ፣ እንደ ሕፃን።

"ብወድቅ ታነሣኛለህ። ልምዱ አለህ።"

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ውኃው አዞረች። ከኋላዋ ባሏ አፍንጫውን ሲጠርግ፣ ከዚያም ሳቅ ይሁን ልቅሶ ያልለየ ድምፅ ከጉሮሮው ሲወጣ ሰማች።

"ስንት ይቀርሻል?" ሲል ጠየቀ።

"እስከዚያ የግድቡ በር ድረስ ነው። ሦስት መቶ ሜትር ቢሆን።"

ሞተሩን በእጁ እየገፋ ጎን ለጎናቸው ሄደ። ነጠላ ጫማው ጧ ጧ ይላል። እናቱ ከወትሮው ፈጠን አሉ፤ መታየታቸው ሳይሆን አይቀርም። በሩ ጋ ሲደርሱ የጥርስ ሐኪሙና ሹፌሩ ቀድመው ቆመው ያጨበጭባሉ። ባሏም ሞተሩን ባንድ ጎኑ አቁሞ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ከሁሉ የሚጮኸው የሱ ነው። አማቷ ስልካቸውን አውጥተው፣ ከዓይናቸው አርቀው፣ ባንዲት ጣት "አርባ" ብለው ጻፉ። የሰዉ ሁሉ ስልክ ባንድ ጊዜ ጢን አለ።

"በሉ እንግዲህ ቤት እንግባ" አለ ባሏ። "ርቦኛል፣ ቁርስም የለም።" ይህን ሲል ሳያስበው ወደ ሚስቱ ነው ያየው።

"እሺ፣ አሁን እሠራለሁ" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እሷም ሳታስበው። ስልኳን ከክንዷ ፈታች። "መቶ አሥራ ስድስት" ብላ ጻፈች። "አራት ጎደለኝ፤ ምንም አይደል፣ ዛሬ ከግብ የሚበልጥ ነገር ነበረኝ።" ደህና አድርጋ የጻፈችው ነው። ማንም አይቀየማትም፤ እንዲያውም ልብ ይልኩላታል። ለመላክ አውራ ጣቷን አነሣች።

ከዚያ ግን እግሯን ተመለከተች። አልደከመም። ፀሐይዋ ገና መውጣቷ ነው፤ በውኃው ዳር የተንጣለለው መንገድ ባዶውን ተዘርግቷል። ምንም አይደል ብላ የተወቻቸውን ነገሮች ልትቆጥር ጀመረችና ተወችው። የጻፈችውን ፊደል በፊደል ደመሰሰች።

"እንቁላሉ ፍሪጁ ውስጥ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ነው" አለች ባሏን።

የከተማውን ፍሪጅ ሁሉ ሲጠግን የሚውለው ሰው ግራ ገባው። "የቱ ጋ?"

"ስትከፍተው ታገኘዋለህ።"

"አንቺስ? አትመጪም?"

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን መልሳ ክንዷ ላይ አሰረች። የጫማዋን ክር አጠበቀችና ለሁለተኛው ዙር መሮጥ ጀመረች።