ሶዳ የተባለው ዱቄት

የክፍሏ ልጆች «ሚዛን» ይሏታል፤ ሳትመዝን የምታምነው ነገር የለማ። የዕለቱ ሙከራ ቀላል ነበር። በአንዱ ብርጭቆ ሶዳ ላይ ኮምጣጤ፣ በሌላው ላይ ውሃ ጨምሮ የታየውን መጻፍ ነው። አሳምሮ የሠራው ቡድን በወላጆች ቀን መድረክ ላይ ወጥቶ ያሳያል። «አለቃ» የሚሉት የቡድኗ መሪ ለዚያ ቀን ብሎ ፀጉሩን ከወዲሁ ተስተካክሏል።

ኮምጣጤው ሲነካው ዱቄቱ ተንተክትኮ አረፋው ከብርጭቆው አፍ ገነፈለ። አለቃ አጨበጨበ። ሚዛን ውሃውን ስትጨምር ግን ያኛውም አረፋ ደፈቀ።

«ይሄማ ዝም ማለት ነበረበት» አለች።

«መጽሐፉም 'ለውጥ የለም' ነው የሚለው። ብርጭቆው በደንብ ሳይታጠብ ቀርቶ ነው።»

«አንተው አይደለህ እንዴ ያጠብከው?»

አለቃ ለሰስ አለ። «በናትሽ ሚዛንዬ፣ 'ለውጥ የለም' በይና እንገላገል። ከመድረኩ ልታስቀሪን ነው!»

መድረኩን እሷም ትፈልገዋለች፤ ያሳደገቻት አክስቷ ልታያት ከሥራ ፈቃድ ጠይቃለች። ብርጭቆውን ራሷ አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደገና ሞከረችው። ያው ነው። «በውሃም አረፋ ደፈቀ» ብላ ጻፈች።

መምህሯ አንብበው ቅንድባቸውን ሰቀሉ። «ዱቄቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከአክስቴ ነው፣ ቲቸር። ሶዳ ስጪኝ አልኳት።»

«አክስትሽ ምንድን ነው ሥራቸው?»

«ኬክ ቤት ጋጋሪ ናት።»

መምህሯን ሳቅ አመለጣቸው። «እኛም ቤት ሊጥ የሚያስነሳ ዱቄት ሁሉ ሶዳ ነው የሚባለው! ይሄ እኮ ቤኪንግ ፓውደር ነው። ሶዳው ከደረቅ አሲድ ጋር ተቀላቅሏል፤ ውሃ ሲያገኙ ሥራ ይጀምራሉ።» ከመደርደሪያው ንጹሑን ሶዳ አውርደው ውሃ ጨመሩበት። ጭጭ አለ።

«በወላጆች ቀን ሁለቱን ዱቄቶች ጎን ለጎን እናንተ ታሳያላችሁ» አሉ። «'ለውጥ የለም' ብላችሁ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ተድበስብሶ ይቀር ነበር።»

አለቃ ደረቱን ነፋ። «እኔም ያየሽውን ጻፊ ብያት ነበር፣ ቲቸር።»

ሚዛን ዞር ብላ አፈጠጠችበት። «መቼ ነው ያልከኝ?»

«በልቤ» አለ።